የእንትፍታ ተራ

ስልኩ የተደወለልኝ ቡሬ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለ ነው። ደዋዩ የአገራችን ሽማግሌ አያ ቢያድግልኝ ነበሩ።

"ወይኒቱ፣ እናትሽ አስቸገረችን" አሉ።

"ምን አደረገች?"

"ምንም አላደረገችም። ችግሩ እሱ ነው። የአቻምየለሽ ልጅ ያምሮት ታማ ስትቃዥ ጸበል ወሰድናት። እዚያ ስትለፈልፍ የእናትሽን ስም ጠራች። እንትፍ በይባት ብንላት ዝም አለችን።"

"ልጅቷን ወደዚህ አምጧት።"

"እናመጣታለን። መጀመሪያ ግን እናትሽን መጥተሽ ለምኝልን።"

እናቴ ጌጥነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም፣ አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። በሽተኛውን ጸበል ቦታ ያቆሙና "ማን በላህ?" እያሉ ያስለፈልፉታል። ስሙ የተጠራው ሰው ይመጣና በሽተኛው ላይ እንትፍ ይላል። እንትፍ ካለ በሽተኛው ይድናል ይባላል፤ እንትፍ ያለው ግን ቡዳነቱን በገዛ አፉ አመነ ማለት ነው፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም። እምቢ ካለና በሽተኛው ከሞተ ደግሞ ገዳዩ እሱ ነው። የሚጠራው ስም ሁልጊዜ የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ ወይም የሸማኔ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የባለ ርስት ስም ተጠርቶም አያውቅም።

የወባ መመርመሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ባለ ባጃጁ ብዙ ጊዜ ወርዶ ገፋ፤ እኔም ወርጄ ገፋሁ። መናደዴ ጉልበት ሰጥቶኝ ነበር።

በጣም ያናደደኝ ይህ የሆነበት ጊዜ ነው። እናቴ በየዓመቱ ፍልሰታን ሱባዔ ትገባለች። ጧት ከኪዳን እስከ ቅዳሴ መውጫ በአርምሞ ትቀመጣለች፤ ከጸሎት በቀር ቃል ከአፏ አይወጣም። ግን ሌሎቹ ሴቶች አጠገቧ ስለማይተኙ፣ ቦታዋ ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከላስቲክ ሥር ነበር። ዘንድሮ ሌላ ተባለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለቅሶ ያልገባበት ቤት የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም መባባል ትቷል። መምሬ ገብረ ኢየሱስ ለዚህ መድኃኒቱ የጋራ ሱባዔ ነው አሉ። ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ አንድ ትልቅ ዳስ ተጣለ፤ ሁሉም በአንድነት በዝምታ ተቀምጦ ቁስሉን ለፈጣሪ እንዲያሳይ። "በዚህ ዳስ ውስጥ ዘር የለም" ብለው ሰበኩ። ደጃችን ድረስ መጥተው እናቴን የጠሩት ራሳቸው ናቸው።

የዚያን ቀን ደውላልኝ "ዳሱ ውስጥ ቦታ ሰጡኝ" አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ድምፅዋ የልጃገረድ ሆኖ ነበር።

ስደርስ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ከዳሱ በር ላይ ቆመዋል። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው "እንትፍ እንትፍ፣ እደጊ፣ ተባረኪ" አሉኝ። የምራቃቸው ፍንጣቂ ግንባሬ ላይ ቀረ። አልጠረግሁትም።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ ተቀምጠዋል። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ነበረች ማለት ይከብዳል። ዙሪያዋን ያሉት ሰሌኖች ሁሉ ተስበው ርቀዋል። በጥግ በኩል ጸበሉ የሚቀመጥባቸው እንስራዎች ተደርድረዋል፤ የእሷ እጅ ሥራ ናቸው። ሁሉም ከእነሱ ይጠጣል። እንስራው አልተሳበም።

ያምሮት መሐል ላይ ቁርበት ላይ ተጋድማለች፤ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ገላዋ ይፋጃል፤ ዓይኗ ቢከፈትም አያይም። ጣቷን ወጋ አድርጌ የደሟን ጠብታ መመርመሪያው ላይ አደረግሁና ጠበቅሁ።

እናቷን አቻምየለሽን "ከአባቷ ጋር ቆላ ወርዳ ነበር?" አልኳት።

"ወርዳለች። ሌሎቹም ልጆች ወርደው ነበር። ለምን እሷን ብቻ?"

ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ለሁሉም አሳየሁ።

"ወባ ነው። እኔ ደም መርማሪ ነኝ፤ መድኃኒቱን የሚያዝላት ሐኪም ቡሬ አለ። አሁኑኑ እንውሰዳት፤ ባጃጁ ቆሟል።"

"ወባውን ማን ላከባት?" አለች አቻምየለሽ።

"ትንኝ።"

"ትንኟንስ?" አለች ጎረቤታችን ካሰች ከኋላ። እሷ ለሁሉ ነገር መልስ አላት።

መምሬ ገብረ ኢየሱስ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ሕክምናውም ይሁን፣ ይኼም ይሁን። አንድ ጊዜ እንትፍ ብትል ምን ይጎዳታል? ለሰላም ሲባል ነው።"

"ዘር የለም ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"አሁንም የለም። ዘር ቢኖርማ ስሟ እንደተጠራ እናስወጣት ነበር። እንትፍ ብላ ልጅቷን ትማርልን፣ ጾሙን እዚሁ ከእኛ ጋር ትፈታለች። እምቢ ካለች ግን ሕዝቡን ምን ልበለው?"

ቅናሽ ያደረጉልኝ መስሏቸዋል። እናቴ ስትለምነው የኖረችው ቦታ የሚጸናላት ቡዳ ነኝ ብላ ከፈረመች ነው። ጩኸት ደረቴ ውስጥ ተነሣ፤ ግን የታመመች ልጅ መሐላችን ነበረችና ዋጥሁት።

"እማ፣ ተነሺ እንሂድ" አልኳት።

አላየችኝም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ የማይለቀው አፈር አለ። ነጠላዋ ነጭ ነው፤ ለዚህ ዳስ ብላ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። ቆይታ ተነሣች። እኔን ተከትላ ልትወጣ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላት። እሷ ግን ወደ መሐል ሄዳ ከልጅቷ ራስጌ ቆመች። አቻምየለሽ እፎይ ስትል ሰማኋት።

እናቴ ተናገረች። ከጧት ጀምሮ ስላልተናገረች ድምፅዋ ሻከረ።

"መምሬ፣ በዚህ ዳስ ውስጥ አንድ ነን ብለዋል?"

"ብያለሁ።"

"አንድ ከሆንን የበላትም ከመሐላችን አይለይም። ሁላችንም እንትፍ እንበልባት። እርስዎ ይጀምሩ። ቀጥሎ አያ ቢያድግልኝ፣ ከዚያ እየዞረ ይምጣ። ተራዬ ሲደርስ እላለሁ።"

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳቅ ሲያመልጠው ሰማሁ፤ ወዲያው አፈነው።

"እኔ ቡዳ ነኝ?" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

"እኔስ አያ?"

"አንቺማ የታወቀ ነው፣ እናትሽም…" አሉና ተዉት። እኔን አስታወሱኝ መሰለኝ፤ ወይም ባለፈው ዓመት ለልጃቸው የደም ምርመራ ሲመጡ "ወይኒቱዬ" ያሉኝን።

"የእኔ እንትፍታ ምርቃት ነው፣ ጌጥነሽ" አሉ መምሬ።

"የእኔም ምርቃት ነው፣ መምሬ። ልጄን ያሳደግኋት በእሱ ነው። የሌላውን ልጅ ያልመረቅሁት መርቂልን ያለኝ ሰው ስለሌለ ነው።"

አቻምየለሽ ብድግ አለች። እሷ የፈለገችው የልጇን መዳን ብቻ ነው፤ በማንም አፍ በኩል ይምጣ። "እንግዲያው ይበሉ፣ መምሬ" አለች። "ምርቃት ከሆነ ምን አለበት? ይበሉባት።"

መምሬ ገብረ ኢየሱስ መሬት መሬት አዩ። አሁን ከደጅ እኔን እንትፍ እንትፍ ያለው አፍ ተዘጋ። ከእናቴ ጋር በአንድ ተራ እንትፍ ማለት ምን እንደሚያደርጋቸው አውቀውታል፤ ስለዚህ እሷን ምን እንደሚያደርጋትም ያውቁ ነበር። አቻምየለሽ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረች። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ካሰች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ለዚያ ሁሉ ቀን የጸለዩበት ዝምታ ያኔ መጣ፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"አቻምየለሽ፣ ባጃጁ" አልኳት።

ልጇን አቅፋ ተከተለችኝ።

ያምሮት ጤና ጣቢያ ተኝታ መርፌውን ወሰደች። በሦስተኛው ቀን በሶ ካልሰጣችሁኝ ብላ አልቅሳ ነርሶቹን አሳቀቻቸው። ሲለቋት አቻምየለሽ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥታ እጄን ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

"እናትሽ መቼ እንትፍ እንዳለችባት ባላይም፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ" አለችኝ።

"እንትፍ አላለችም። አጠገብሽ ነበርኩ።"

"እንጃ። በተሸከምኳት ጊዜ በኋላዬ ብላለች አሉ። ሰው አይቷል።"

"ማን?"

"ሰው ነዋ።"

ደሟን ሦስት ጊዜ እንደመረመርኩ፣ ተሐዋሲው እንዴት እየቀነሰ እንደሄደ ልነግራት ጀመርኩ። በፈገግታ ራሷን ትነቀንቃለች። ከልቧ እያመሰገነችኝ ነበር። ተውኩት።

የፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ አገር ቤት ተመለስኩ። እናቴ ዳሱ ውስጥ ናት። ማንም አላስወጣትም፤ ማንም አላነጋገራትም። ሰሌኖቹ ከበፊቱም ርቀዋል። እኔን ስታይ ቀና አለች።

"ያምሮትስ?"

"ድናለች።"

"ተመስገን። እናቷ ምን አለች?"

የአቻምየለሽን ምስጋና ምላሴ ላይ ያዝሁት። "ምንም" አልኳት።

ፊቴን መረመረችው፤ ከእሳት የወጣ ሸክላ በጣቷ ስታንኳኳ እንደምታደርገው። ከዚያ ባዶውን ቦታ በእጇ አሳየችኝ።

"ይኼን ሁሉ ቦታ ለቀውልናል" አለች። "ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ።"

ጫማዬን አወለቅሁ። ከነእግሬ ጭቃ እስከ ካሰች ሰሌን ዳር ድረስ ተዘርግቼ ተቀመጥሁ።