ጭንቅላቱ ያልተፈጨ እባብ

ዩኒቨርስቲው «ገጠር ሂዱና አንድ ዓመት አስተምሩ» ብሎ ሲበትነን ለእኔ ቡታጅራ ደረሰኝ። የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝና መምህሬ ሌላም ሸክም ጨመሩልኝ፤ ወቅቱ ሲቀያየር የዱር እባብ ከየማሳው እየፈለግሁ እንዳመጣ።

«ጭንቅላቱ ደህና ይሁን» አሉኝ። «ዘሩ የሚለየው ከራሱ ቅርፊት ነው። ያለዚያ አራተኛ ዓመትን እርሳው።»

እባቡ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን የሞላ ጠርሙስ ታቅፌ ወረድኩ።

ያስጠጉኝ ጋሽ ሸረፋ ከከተማው ዳር እንሰትና በርበሬ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ኪራይ የሚባል ነገር አላነሱም። እንግዳ ነኛ። እንግዳ ደግሞ እሳቸው ደጅ ላይ ቢነደፍ ወሬው እንሴኖ ገበያ ሳይደርስ አይውልም።

በበጋው፣ ጠዋት ጠዋት እባብ ከድንጋይ ክምር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል ሲሉ ሰምቼ ወደ ማሳው ወጣሁ። ጋሽ ሸረፋና ጎረቤታቸው ሸምሶ ዱላ ይዘው ቀድመውኛል።

«መምህር አበራ፣ ከኋላ ሁን።»

«ጋሽ ሸረፋ፣ እኔ እኮ እባቡን ፈልጌ ነው የወጣሁት።»

«እሱም አንተን ፈልጎ ይሆናላ» አለ ሸምሶ።

እባቡ ብቅ አለ። ሁለት ዱላ ተቀበለው። ሸምሶ በጅራቱ አንጠልጥሎ እንደ ሙክት አስረከበኝ።

«ጭንቅላቱስ?»

«መርዙ እሱ ውስጥ አይደል? አጠፋንልህ።»

በጋው እንዲህ አለፈ። በልግ ዘንቦ ሣሩ ሲነሣ መንደርተኛው በሚሰበሰብበት በጀፎረው ላይ ቆሜ ጉዳዬን አስረዳሁ። አንድ እባብ፣ ከነጭንቅላቱ፣ እንዳልወድቅ። አዳምጠውኝ በቋንቋቸው ተመካከሩ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ደቦ ወጥቶ በምመላለስበት ያለውን ሣር እስከ ወንዙ አጨደልኝ። ለካስ ስለምወድቀው ፈተና ሳይሆን እባብ ረግጬ ስለምወድቀው ነበር የተጨነቁት።

«አሁን ዓይንህን ጨፍነህ መሄድ ትችላለህ» አለኝ ሸምሶ።

የጋሽ ሸረፋ ባለቤት እትዬ ከድጄ ግን ነገሩ የሣር አልመሰላቸውም። በየሶላቱ «ያ አላህ፣ የዚህን ልጅ ልቦናውን መልስለት» ማለት ጀመሩ።

ሰኔ ገባ። የምሄድበት ሳምንት ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ከፎርማሊኑ በቀር ምንም የለም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጉድጓዱን ሁሉ ሲሞላው፣ ስንት ወር የተንከራተትኩለት እባብ በራሱ ጊዜ በክፍሌ በር ገባ። ጥቁር ነው። ከእንሰት በተሠራው ምንጣፍ፣ በጅባው ላይ ተጠቅልሎ ቀና አለ። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል። የጠርሙሱን ክዳን ከፈትኩ፤ መቆንጠጫ እንጨቴን አንስቼ ጎንበስ አልኩ።

«መምህር፣ እንዳትነቃነቅ።»

እትዬ ከድጄ በሩ ላይ ቆመዋል። ዘነዘና ይዘዋል።

«እትዬ፣ በእናትዎ፣ ተዉት…»

ዘነዘናው ወረደ። ደግሞ ወረደ።

ከዚያ ዘነዘናውን ጥለው አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ። ለካ እባብ ከምንም በላይ ይፈራሉ። ያለቅሳሉ።

«ለእናትህ ምን ብዬ እመልስ ነበር?»

ትከሻቸውን ሳምኩ። አላህ ይስጥልኝ አልኩ። እንባቸውን ጠርገው መሬቱን አዩ፤ ቀጥሎ ጠርሙሱን፤ ቀጥሎ እኔን።

«ውይ… ጭንቅላቱን ነበር አይደል የምትፈልገው? ቆይ፣ ለቅሜ ልስጥህ።»

ወርደው ከጅባው ላይ መልቀም ጀመሩ። እኔም የተከፈተውን ጠርሙስ አስጠግቼ ያዝኩላቸው።