የተንጋደደው ጠርዝ

አለቃችንን ከኋላው «ልኬ» እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ»። ሰርግ ቤት እንኳ ሄዶ የሙሽራውን ትከሻ በዓይኑ ሲለካ አይቼዋለሁ። ጨርቅ አዋቂ ይሉታል። የት ያውቅና! የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሱ በጠመኔ ባሰመረው ላይ የዩኒፎርም ኮሌታ ስቆርጥ ኖሬ እጅ እጅ አለኝ።

ስለዚህ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የወደቀውን እራፊ እየለቀምኩ፣ በምሳ ሰዓት ያለ ንድፍ መስፋት ጀመርኩ። ከሥሩ ጥጥ፣ ከጀርባው ገበር አስገብቼ፣ ጠርዙ እንዳሻው የተንጋደደ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአልጋ ልብስ ወጣው። «አልጋው ነው ወይስ አንቺ ነሽ የተጣመምሽው?» አሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ። ከእነሱ ሌላ ምን ይጠበቃል?

አንዲት ለኤግዚቢሽን የእጅ ሥራ መራጭ ልታየው ቀጠረችኝ። ከተመረጠ ለአንድ ዓመት የራሴ መሥሪያ ክፍል ይሰጠኛል፤ ከኮሌታ እገላገላለሁ ማለት ነው። ፌርማታ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቃኝ ይዣት ስመለስ፣ ልኬ ደስ ብሎት ቆሟል። የተንጋደደውን ጠርዝ ቆርጦ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ፣ ቀምቅሞና ተኩሶ ጠበቀኝ።

«ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አለኝ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች! ልጮህበት አፌን ስከፍት መራጯ ቀደመችኝ።

«ውይ፣ ጠርዙ እንዴት ያምራል! ነፃነት ማለት እንዲህ ነው!»

ነፃነት! ሁለቱንም ናቅኳቸው። ከእኔ የሚጠበቀው «አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ ነበር፤ ልልም ነበር። ግን ጨርቁን ሳየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያንን ልኬ የቆረጠውን ጠርዝ ራሴው አምስት ጊዜ ተርትሬ፣ ሜትር ዘርግቼ ነበር ያንጋደድኩት። ለካ እኔም ሴቷ ልኬ ነኝ። ከሁሉም በላይ የናቅኩት ራሴን ነው።

መቀሱን አንስቼ መሃሉን ሰነጠቅኩት።

«አበድሽ እንዴ?» አለች መራጯ። «መርጬው እኮ ነበር፤ ነገ ነው የሚሰቀለው!»

«ወዴት ነው የምትቆርጪው?» አለ ልኬ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

እውነቴን ነበር። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ የመሥሪያ ክፍሉም አብሯት ሄደ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። እያለቀስኩ አንዱን ግማሽ ዘቅዝቄ ከሌላው ጋር ልሰፋው የስፌት መኪናው ላይ ጫንኩት።

ልኬ ጠጋ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ያዘ። «ቀጥ አድርጌ ልያዝልሽ?»

«ይልቀቁት!» አልኩት።