የጫማ ሠሪው እህት

ልብስ ሰፊዋ ለዚያ ቀን ያልደከመችው ድካም የለም። የመታሰቢያ ድንጋዩን የሚሸፍነውን ጨርቅ የዘመዘመችው እሷ ናት፤ የባሏንም አሮጌ ኮት ገልብጣ ሰፍታ አዲስ አስመስላዋለች። ከተማው ጥንት በባቡር መጥተው እዚሁ ያደጉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሊዘክር ነው። ከእነሱ በሕይወት የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጫማ ሠሪው ባሏና እህቱ አዋላጇ።

አዳራሹ በር ላይ አስተናጋጇ፣ "እማማ፣ እርስዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይሁኑልኝ፤ የፊተኛው ለልጆቹ ነው" አለቻት።

ልጆቹ! በሁለቱ አፍ ውስጥ አንድ ደህና ጥርስ ቢፈለግ አይገኝም። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ተቀምጣ ሁለት ሽበታም ራሶች ሲጠጋጉ ታያለች። ሁለቱ በልጅነት ቋንቋቸው ተንሾካሹከው ይስቃሉ። ምን ተባባላችሁ ስትል ባሏ፣ "ተይው፣ ሲተረጎም አያስቅም" ይላታል። የወለደቻቸውን ልጆች እንኳ ከእሷ ቀድማ ያቀፈቻቸው አዋላጇ ናት። ደግሞ ቅናትም ወግ አለው። በውሽማ የቀናች ሴት ጎረቤት ያዝንላታል፤ በባሏ እህት የቀናች ግን መሳቂያ ነው የምትሆነው። ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች።

አዋላጇ እንድትናገር ተጋበዘች።

"ከማሳደጊያው ወደዚህ የሚመጡት ሲመረጡ" አለች፣ "ወንድምና እህት አይነጣጠሉም የሚል ትእዛዝ ነበር። እሱ ተመርጧል፤ እኔ ቀርቻለሁ። አጠገቤ ቆሞ ሳለቅስ አየኝና እጄን ይዞ፣ 'እህቴ ናት' አላቸው። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ይመልሱናል ብለን ፈርተን ለማንም ላንናገር ተማማልን። አሁን ማን ይመልሰናል?"

አዳራሹ አለቀሰ፣ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አላነሳችም። የደም ዝምድና ነው ብላ የቻለችው ነገር ደም አልነበረበትም! ባሏ ደግሞ አንድ ትራስ ተንተርሰው ሲያረጁ ያልነገራትን ምስጢር አሁን ከአላፊ አግዳሚው ጋር እኩል ሰማችው።

ድንጋዩ ተገልጦ ሰዉ ሲበተን አዋላጇን ከግቢው አጥር ጥግ ያዘቻት።

"ስታታልይኝ ኖርሽ።"

"አላታለልኩሽም፤ እህቱ ነኝ።"

"ምን ዓይነት እህት?"

አዋላጇ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በወጣትነታችን እወደው ነበር" አለች። "ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከተማው በሙሉ እህቱ ብሎ ነው የሚያውቀኝ፤ እህቱን አገባ ይበሉት? ዛሬ ነገ ስል አንቺን ይዞ መጣና፣ 'እህቴ፣ እስቲ እያት' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ደግ ትመስላለች አልኩት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። ስንት ዘመን እንደቀናሁብሽ ብታውቂ።"

ልብስ ሰፊዋ ሌላዋም በእሷ ቀንታ ስትቃጠል እንደኖረች በሕልሟም አስባው አታውቅም።

"እሱ ያውቃል?"

"አያውቅም። ከፈለግሽ ንገሪው፤ እኔ ደክሞኛል።"

ጫማ ሠሪው በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። ጆሮው ከደከመ ሰነባብቷል፤ መዳፉን ከጆሮው አስጠግቶ፣ "ምን እያላችሁ ነው?" አለ።

አዋላጇ አቀረቀረች። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ኮት አንገትጌ አስተካከለችለት።

"ወንበሩ ወገቧን አሳመማት" አለች ጮክ ብላ።

"እንግዲያው ቤት ሄደን ትረፍ" አለና መሃላቸው ገብቶ የሁለቱንም ክንድ ያዘ።

አዋላጇ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ በምስጋና አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዞረች። አዝናላት አልነበረም የዋሸችው። ያን ነገር ሲሰማ የባሏ ፊት ምን እንደሚመስል ለማየት ፈርታ ነው።