ከሜትሩ ሥር የገባች ጣት

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ባት መለካት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሴት ለባሏ ብዙ ነገር ታደርጋለች፤ በየማለዳው ሁለት እግሩን በሜትር የምትለካ ግን ከእሷ ሌላ ያለች አይመስላትም።

ነገሩ የጀመረው ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ ኖሮ ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። አብሮት ሲነዳ የኖረ ጓደኛው ረጅም መንገድ ነድቶ ሲወርድ ደረቱን ይዞ ወደቀና በዚያው ቀረ። እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባው ድረስ ሄዶ ነው ተባለ። ጡረተኛው ከቀብር ሲመለስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም በወጉ አላወረደውም።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወሬ ሁሉ ደም መርጋት ሆነ። እግሩ ከደነዘዘ ረግቷል፤ ካሳከከው ሊረጋ ነው፤ ምንም ካልተሰማው ደግሞ ተደብቆ እየረጋ ነው። ሐኪሞች ሁለት ጊዜ መርምረው ጤነኛ ነህ ብለው ሸኝተውታል። እሱ ግን ስልኩ ላይ ያነበበውን ይዞ እነሱንም ያርማቸዋል። አንዱ እግር ከሌላው ካበጠ ምልክት ነው የሚለውን ያነበበ ቀን ደግሞ ጉድ ፈላ። ሜትር ከአንገቷ የማይወርድ ሚስት እያለችው ምን ቸገረው።

ችግሩ የማንም ሰው ሁለት እግር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የእሱም ቢሆን ፍሬን ሲረግጥ የኖረው ቀኙ ከግራው ትንሽ ይወፍራል። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገረችው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ጨጓራዋን ሲልጠው ዋለ። በማግስቱ ቀጭኑን እግር ስትለካ ጣቷን ከሜትሩ ሥር ሸጎጥ አደረገችና እኩል ናቸው አለችው። ፊቱ በራ፤ ቁርሱን በላ፤ እሷም ወደ ሥራዋ ሄደች። ለልብስ ሰፊ ይህች ጣት አዲስ ነገር አይደለችም፤ ልብሱ እንዳይጠብ ሲሉ ሁሉም ይሸጉጧታል። በእሷ ቤት ግን ለሰላም ዋለች።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ የዩኒፎርም ሥራ አናቷ ላይ ወጣ። ሱቋ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናው ሳትነሳ ትውላለች፤ ከጠጣሁ መነሳቴ ነው ብላ ውኃም አትቀምስም። ማታ ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። መጀመሪያ የጨርቁን ብናኝ ወቀሰች። ቀጥላ ደረጃውን የሠራውን ሰው ረገመች። ከዚያ ውፍረቷን፣ ከዚያ ዕድሜዋን፣ በመጨረሻም ባሏን፤ እሱን እየሰማ ትንፋሽ የማያጥረው ማን አለ። አንዲት ደንበኛ እትዬ ሰርቀሽ የሮጥሽ ትመስያለሽ ብላ ቀልዳባት ነበር፤ ሳቀች፤ ሳቁ ራሱ አደከማት። ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ብትነግረው ሕመሙን ነጥቆ የራሱ ያደርገዋል።

አንድ ማለዳ ሰውየው እንደ ልማዱ ሱሪውን ሰብስቦ ጠበቃት። እሷን ሌሊቱን ጎኗን ሲወጋት አድሯል፤ ታች ደግሞ ክምር ጨርቅ ይጠብቃታል። ለካችው፤ እኩል ናቸው አለችው። ድገሚው አላት። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲላት ቆሽቷ አረረ።

«አንተ ሰውዬ፣ የማንም እግር እኩል አይሆንም። የእኔን ልለካና እየው!»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ቀኝ ባቷን ለካች። ወደ ግራው ስትሄድ ሜትሩ በቀኙ ልክ አልደርስ አላት። ከቀኙ በብዙ ይበልጣል። በልማድ ጣቴ ገብታ ነው ብላ ፈታችው፤ ጣቷን አውጥታ ጠበቅ አድርጋ ለካች፤ ያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ለእግሩ ይደነግጥ ነበር። እሷ የደነገጠችው ለእጇ ነው። እጄ ተበላሸ አለች በልቧ፤ ለዚህ ሰውዬ ስዋሽ ስዋሽ እጄ መዋሸት ለመደ፤ ይኼን ሰሞን የቆረጥኩት ዩኒፎርም ሁሉ ሰፍቷል፤ ልጆቹ ድንኳን ለብሰው ሊሄዱ ነው። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ እየተጣደፈች ወረደች። ሰውየው ስንት መጣ እያለ ከኋላዋ ቀረ።

ሱቋን ከፍታ የተቆረጡትን ጨርቆች አንድ በአንድ ዘረጋች። የወረቀት ንድፉ ላይ ደረበቻቸው፤ ልክ ናቸው። በብረት ማስመሪያው ለካቻቸው፤ አሁንም ልክ ናቸው። እሰይ ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። እጇ ካልዋሸ፣ ጉዱ ያለው እግሯ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ያደነቆረው ወሬ አንድ ሳይቀር ተመልሶ መጣ፤ አንድ እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ጎን መውጋት። ሞትን ፈራች። ከፍርሃቷ ጋር ደግሞ ንዴት መጣባት፤ ያ ሰውዬ እውነቱን ሊሆን ነው።

ወደ ቤት ልትወጣ ሞከረች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ትንፋሿ አለቀና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ባሏ በነጠላ ጫማ ሲወርድ እዚያው አገኛት።

«በል እንግዲህ፣ ጀምር» አለችው እያለከለከች።

ልፍለፋውን ጠበቀች። እሱ ግን እግሯን አየ፤ የጠቆረ ከንፈሯን አየ፤ አንዲት ቃል ሳይናገር ወርዶ መንገድ መሃል ገብቶ ታክሲ አስቆመ። በእውነት የደነገጠችው የእሱን ዝምታ ባየች ጊዜ ነው።

ሆስፒታል ምርመራው እንዳለቀ ወጣቷ ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆማ አስረዳቻቸው። ደሙ እግሯ ውስጥ ረግቷል፤ ቁራጩ ሳንባዋ ገብቷል። መድኃኒቱ ተጀምሯል፤ ግን እነዚህን ቀናት አጥብቀው ሊከታተሏት ይገባል። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ትንፋሽ ያጠራት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቃት ልብስ ሰፊዋ የዩኒፎርሙ ሥራ ከገባ ጀምሮ ነው አለች።

ባሏ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተራው መቼ ደረሰኝ?»

ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። ለእግሩ ጥፍር ግማሽ ቀን የሚያወራ ሰው፣ ለሚስቱ ሳንባ ሲሆን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያጣጥፍ ጀመር። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አበሸቃት። ምን ይዘጋሃል፣ ያነበብከውን አውራ እንጂ አለችው፤ ሰው ከዚህ ይድናል ወይስ አይድንም?

«በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል» አለ። ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ያለችው ኮመዲኖ ላይ የተቀመጠውን ሜትሯን አነሳና ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጠ። መሪ የለመዱት ወፋፍራም እጆቹ ሜትር መያዝ አያውቁበትም። ሜትሩን ገልብጦ ይዞታል፤ ተነጫንጫ አቃናችለት። ያበጠውን ለካ። ከዚያ ደህናውን ለካ፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየ።

«እኩል ናቸው» አለ።

በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ሌባ ጣቱ ከሜትሩ ሥር ተሸጉጣለች፤ በቀጭኑ እግር በኩል፣ ልክ እሷ እንደምታደርጋት።

«ታውቅ ነበር?»

«ጣትሽ ከገባችበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን አድርጊ ብለህ ነው የምታስለካኝ?»

«ስትዋሺልኝ ፍርሃቱ ይለቀኝ ነበር» አለ።

ያ ሁሉ ማለዳ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ልትጮህበት ፈለገች፤ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አጣች። ጣቱን አውጥቶ እንደገና እንዲለካ፣ እሷ እውነቱን እንደምትፈልግ ነገረችው። አወጣት። እንደ ታዘዘው ጠበቅ አድርጎ ሁለቱንም ለካ። ቁጥሩን ሊነግራት አፉን ከፈተ።

እሷ ዓይኗን ጨፈነች። «ተወው» አለችው። «ጣትህን መልሳት።»