ጭስ የታየበት ጎጆ

ሸጌ ሙግት የማይሰለቻት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በድንበርም ሆነ በውሃ ተራ የተሟገታት ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ስለዚህ የጤና መድን ኮሚቴው ሰብሳቢ ደባሱ፣ «እት ሸጌ፣ ልጅሽ እሱባለው ዘንድሮ ባንቺ መድን አይታደስለትም» ሲላት አልደነገጠችም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ቀረበችው።

«ለምን? ልጅ ዕድሜው ቢያልፍም ተጨማሪ መዋጮ ከተከፈለለት ይቀጥላል ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ? ይኸው ልከፍል መጥቻለሁ።»

«የሚቀጥለው ከእናቱ ጋር ከኖረ ነው። ያንቺ ልጅ ጎጆ ወጥቷል። ቅዳሜ ዕለት ከጎጆው ጭስ ሲወጣ አገር አይቷል። ጭስ ያለው ቤት አባወራ አለው። ለብቻው ይመዝገብ።»

መመዝገቡስ ባልከፋ። ነገር ግን አዲስ አባወራ መድኑ እስኪሠራለት ይጠብቃል፤ የእሱባለው ስኳር ደግሞ መጠበቅ አያውቅም። በየወሩ ላሊበላ ወርዶ ኢንሱሊኑን ይዞ ካልተመለሰ ምን እንደሚሆን ሸጌ አምና አይታዋለች፤ ሆስፒታል የደረሰው በቃሬዛ ነው። ያኔ ጎረቤቱ «ምች ነው» ሲል እሷም «ምች ነው» ብላ አለፈችው። ልጇ ገና አላገባም፤ በሽተኛ ነው እንዲባልባት አልፈለገችም።

«ጎጆውንማ ለሠርጉ ያሠራሁለት እኔው ነኝ» አለች። «ይተኛበታል እንጂ አይበላበትም፤ የሚበላው ከኔ ገበታ ነው። ጉልቻ የሌለው ቤት ደግሞ ትዳር አይባልም። ካላመናችሁ ተነሡ፣ በዓይናችሁ እዩት!»

ተነሡ። ከደባሱ ጋር ሌላው የኮሚቴ አባል አረጋም አለ። አረጋ የእሱባለው እጮኛ የማኅሌት አባት ነው። ሸጌ ዳገቱን እየመራች ታወራለች። እውነት ይዞ ማን ይፈራል!

እሱባለው ደጅ ላይ ቀንበር ይጠርብ ነበር። «ቆዪ እማየ!» ብሎ ሳይጨርስ የጎጆውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

መሀል ወለሉ ላይ ሦስት ጉልቻ ተጎልቷል። በመካከላቸው አመድ አለ።

ደባሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሸጌ ክው አለች። ግን ሸጌ ሸጌ ናትና ውሸቱ ወዲያው መጣላት፤ «ለጥጆቹ ውሃ ያሞቅሁበት እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ያነደድኩት እኔ ነኝ» አለ እሱባለው ከኋላዋ። ወደ አረጋ ዞሮ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ አረጋ፣ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ በዚህ እንደሚያልፉ አውቄ ነው። ራሱን ችሏል እንዲሉኝ ብዬ። ምንም አልተጣደበትም። የምበላው ከእናቴ ነው፤ የምታከመውም በሷ መድን ነው። ስኳር አለብኝ። አምና የጣለኝም ምች አልነበረም።»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉልቻ አነሣና ወደ ደጅ አወጣው። ተመልሶ ሁለተኛውን አወጣ። ሸጌ በልጇ እንዲህ ኮርታም፣ እንዲህ አዝናለትም አታውቅም። ማኅሌትስ ቀረች፣ አለች በልቧ።

ሦስተኛውን ድንጋይ ያነሣው አረጋ ነው። ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣና ከሁለቱ ጎን አኖረው። እጁንም አራገፈ።

«ደባሱ፣ ከእናቱ ጋር መዝግበው። በዚህ ቤት አባወራ የለም» አለ። ከዚያ ወደ እሱባለው ዞረ። «አንተ ደግሞ ድንጋዮቹን እንዳትጥላቸው። ጉልቻ ለብቻው የሚጎልት ወንድ የት አይተሃል? ማኅሌት ስትመጣ አብራችሁ ትጎልቱታላችሁ። መድናችሁንም ያኔ ቀደም ብላችሁ ታወጣላችሁ። እስከዚያ መርፌህን እንዴት እንደምትወጋ ቤት መጥተህ አሳያት።»

ሙግት የማይሰለቻት ሸጌ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።