በካስታኛክ ቤት ጉበን ላይ የተገነባው ድንጋይ

አንሴልም ሩቢያክ ሠላሳ ስድስት የሰማይ ድንጋዮችና አንድ ባዶ ሣጥን ነበሩት። ሠላሳ ስድስቱ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ በፈረንሳይ ምድር፣ ሰው እያየ፣ የወደቁ ናቸው። እያንዳንዳቸው የወደቁበት መንደርና ቀን በትንሽ ወረቀት ላይ ሰፍሮላቸው፣ በመስታወት ክዳን ሥር ጥጥ ላይ ተኝተዋል። አብዛኞቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ አንዱማ እጅግ ከማነሱ የተነሣ ክዳኑ ሲከፈት እንግዶች ትንፋሻቸውን እንዲይዙ በትሕትና ይለመኑ ነበር።

ባዶው ሣጥንም ወረቀት አላጣም። «ፔይሮላክ፣ ግንቦት 1846» ይላል። ፔይሮላክ የእናቱ መንደር ነው፤ በዚያ ግንቦት በመንደሩ ላይ ከዘነቡት ድንጋዮች ግን አንድም ስባሪ እጁ አልገባም። ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባዶ ሣጥን አቧራ ሲጠርግ መኖሩ አስቂኝ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነበር። ማወቁ ግን ከመጥረግ አላዳነውም። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

በየዓመቱ በጥቅምት፣ የአካባቢው ድንጋይ ሰብሳቢዎች በሞንቶባን አንድ አዳራሽ ተገናኝተው ስብስባቸውን ለእይታ ያቀርባሉ። ዘንድሮ ቀኑ ሲቃረብ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጁና ተፎካካሪው ኦዲሎን፣ ቀድሞ የእንስሳት ሐኪም የነበረው፣ ስልክ ደወለ።

«ዘንድሮም ያንኑ ወረቀት ልታስነብበን ነው?»

«ዘንድሮ ይሞላል» አለ አንሴልም፤ አፉ ከልቡ ቀድሞ።

እርግጥ ነው፣ ተስፋ አግኝቷል። የመንደሩ ቄስ በ1846 ስለ ድንጋዮቹ በጻፉት ደብዳቤ ጠርዝ ላይ፣ በካስታኛኮች ቤት በር ላይ «የመብረቅ ድንጋይ» መገንባቱ ተጠቅሶ ነበር። አንሴልም ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያነበበው የተጻፈውን ሳይሆን የሚመኘውን ነበር።

ሰኞ ዕለት ወደ ፔይሮላክ ሄደ። የቤቱ ባለቤት ማዳም ዜሊ ካስታኛክ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍሉ ነበር።

«የማርሴሊን ልጅ አይደለህ?» አሉት። «አርጅተሃል።»

ከጉበኑ በላይ፣ በኖራ የተለበጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ጉብታ ይታያል። አንሴልም በክር ያንጠለጠለውን ማግኔት አስጠጋ። የሰማይ ድንጋይ ቢሆን ማግኔቱ ዘሎ መለጠፍ ነበረበት፤ አሁን ግን እንደ ማቅማማት ብሎ ጥቂት ዘንበል አለ።

«ኖራው አድክሞት ነው» አለ አንሴልም። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢጽፍለት ዜሮ በሰጠው ነበር። ከዚያም ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዘመን በጠፈር እንደዞረ፣ ለሳይንስም ምን እንደሚጠቅም ለረጅም ጊዜ አብራራ።

«እሱን ካወጣህብኝ መብረቁን ማን ይመልስልኛል?» አሉ ማዳም ዜሊ ሲጨርስ።

«ድንጋይ መብረቅ አይመልስም። ይህን አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ።»

«አውቃለሁ። የልጅ ልጄንም አስተምረኸው በፊዚክስ ወድቆ ግንበኛ ሆነ። ስማኝ፤ ይሄ ከሰማይ ነው ካልክ፣ አንተም ከሰማይ የመጣ ታመጣለህ፤ እሱ ይተካዋል።»

አንሴልም ደስታውን ለመደበቅ ተቸገረ። እቤቱ የበረሃ ድንጋይ ነበረው፤ ከሰሐራ የመጣ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል፣ ጥቁር ቅርፊቱ ያልተነካ፣ ያለጥርጥር የሰማይ። ነገር ግን ሲወድቅ ያየው ሰው፣ የተመዘገበ ቀን፣ ደንግጦ ወደ ቄስ የሮጠ ገበሬ አልነበረውም። እንደ አንሴልም ላለ ሰብሳቢ ይህ ሳይጠራ ድግስ የገባ እንግዳ ማለት ነው። ስለዚህ የመስኮት መደገፊያ አድርጎት ኖሯል።

ማክሰኞ የልጅ ልጅየው አንዱን በመሮ አውጥቶ ሌላውን ገነባ።

አንሴልም እቤቱ ደርሶ ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ጀመረ። ኖራው ሲለቅ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ገላ ብቅ አለ። በአንድ ወገን ሾጠጥ፣ በሌላው ወገን ስል። አጥቦ ሳይጨርስ አወቀው፤ የድንጋይ ዘመን መጥረቢያ ነው። የጥንት ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ከመሬት ሲያገኙ መብረቅ የጣለው መስሏቸው በግድግዳ ይገነቡት ነበር። አንሴልም በዚህ ጉዳይ ላይ ንግግር እንኳ አድርጎ ያውቃል፤ ጥሩ ተጨብጭቦለት ነበር።

ሦስት ቀን ከኀፍረቱ ጋር ተሟግቶ ቅዳሜ ተመለሰ።

«ማዳም ዜሊ፣ ይህ በ1846 የወደቀ አይደለም።»

«እንዴት ይሆናል? ጉበኑ ላይ የተቀረጸውን አላየህም? 1811 ይላል። ድንጋዩ ከቤቱ ጋር ነው የተገነባው።»

አንሴልም ቀና አለ። አራቱ ቁጥሮች ማግኔቱን ካንጠለጠለበት ቦታ አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ተቀርጸዋል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ከገባህ ጀምሮ ስታስረዳኝ ነበር።» ቦሎቄያቸውን ወደ ጎን አደረጉ። «መሰላሉ እዚያ አለ። የአንተን አውርድ።»

መሮውን ይዞ ወጣ። ማዳም ዜሊ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙለት። ግንበኛው የበረሃውን ድንጋይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ዙሪያውን በኖራ አለስልሶ፣ እንደ ጌጥ አስቀምጦታል።

«ሐሙስ ነጎድጓድ ነበር» አሉ ከታች። «የጎረቤቴን ዛፍ ለሁለት ሰነጠቀው። ድሮ ያ ድምፅ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ እቆልፍ ነበር። ሐሙስ ግን ከዚህችው ወንበር አልተነሣሁም። ያንተ ይበልጣል።»

«አጋጣሚ ነው፣ ድንጋይ መብረቅ አይመልስም» የሚለው ዓረፍተ ነገር አርባ ዓመት ተፈትኖ፣ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ነበር። ኖራውን በጣቱ ነካው፤ ገና እርጥብ ነው። ወረደ።

«ምነው?»

«ደርቋል» አለ።

«ከደረቀ ደረቀ። የኔን አሮጌ ደግሞ ውሰደው። ሁለት ከሆኑ ይጣላሉ።»

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ኦዲሎን ቀጥ ብሎ ወደ ሠላሳ ሰባተኛው ሣጥን መጣና አዲሱን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበ፤

«ፔይሮላክ። የድንጋይ መጥረቢያ፣ በ1811 በበር ላይ የተገነባ። የሰማይ ድንጋይ መስሎት ያስወጣው፦ አንሴልም ሩቢያክ፣ ቀኑን ሳያነብ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አነበበው። ጎን ለጎን ያሉት ሰብሳቢዎችም ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ትልቁ የበረሃ ድንጋይህስ? ጠዋት በደጅህ ሳልፍ አጣሁት፤ መስኮትህ ዛሬ በምን ይደገፋል?»

«በዱላ። ድንጋዩ ሥራ ይዟል።»

ኦዲሎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንሴልምም፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ከቄሱ ደብዳቤ ጀምሮ ይነግረው ገባ።