የሩልፊን የፊት በር

አንደርሎ መንደር ውስጥ የፊት በር የሚከፈተው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለምትገባ ሙሽራና ለሚወጣ ሬሳ። የቀረው ፍጡር ሁሉ፣ ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ ፖስተኛውም፣ በጓሮ ዞሮ በኩሽና በር ነው የሚገባው። ይህ የትም ተጽፎ አይገኝም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ እንደ ማርሉስ ጉድ ይፈላበታል።

ማርሉስን አትፍረዱባት፤ ከተሜ ናት። አመርስፎርት ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ከታይስ ጋር ትኖራለች። ከበላያቸው ያለው ሰውዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በከፈተ ቁጥር የእነሱ ማንኪያዎች መሳቢያ ውስጥ ይጨፍራሉ። ሁለቱ ቤት ፍለጋ ያልረገጡት የገጠር መንገድ የለም። አንድ ቤት በወደዱ ቁጥር ሌላ ሰው ከአፋቸው ላይ ነጥቋቸው ይሄዳል። ባለፈው ጊዜማ ማርሉስ መኪና ውስጥ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ታይስም መሪውን እንደያዘ፣ «አንድ ቤት ብቻ እንይ። እሱም ካልሆነ በቃ፣ እዚያው ፎቃችን ላይ እናረጃለን» አላት። እሷም እሺ አለች። ያ የመጨረሻው ቤት እንግዲህ የሩልፊን ቤት ነው።

ገና ከመኪና ሳትወርድ ነው ያበደችለት። ክዳኑ ሳር፣ ግድግዳው ቀይ ጡብ፣ መስኮቶቹ ትንንሽ፣ ዙሪያውን ጎንበስ ጎንበስ ያሉ አሮጌ ዛፎች።

«ታይስ፣ ቆንጥጠኝ» አለችው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ እንይ» አላት። ታይስ የብስክሌት ደወል ለመግዛት አንድ ወር ሙሉ የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው ነው።

ዋጋው የተቆረጠ ነበር፤ ችግሩ ገንዘቡ አልነበረም። ችግሩ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሩልፊን ናቸው። ሩልፊን ሰማንያን ተሻግረዋል፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ ጎረቤት መንደር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥም ክፍል ተይዞላቸዋል። ሆኖም ቤቱን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ሸኝተውታል። አንዱን ሜትር ከኪሱ ስላወጣ። ሌላዋን ኩሽናው ጠበበ ስላለች። አንዱን ደግሞ ጫማውን የጠረገበት አኳኋን ስላላማራቸው። ደላላው፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለጠፈ ወጣት፣ ስማቸው ሲነሳ ማማተብ ጀምሯል።

«ስሙኝ» አላቸው ጓሮው ጋ ሲደርሱ። «ምንም እንዳትነኩ። ግድግዳ እናፈርሳለን የምትል ነገር ከአፋችሁ እንዳትወጣ። ተቀመጡ ካሉ ተቀመጡ። ከሰዓት ሌሎች ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ናቸው።»

ሩልፊን ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ኩሽና በር ላይ ቆመዋል። ማርሉስን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«ዶሮ ትፈሪያለሽ?» አሏት።

«ኧረ አልፈራም፣ ወይዘሮ ሩልፊን።»

«ጥሩ። እኔ ላይኛው ሰፈር እንቁላል አድርሼ እመጣለሁ። ቤቱን እናንተው እዩት። ሰው ቤቴን ሲገመግም ቆሜ ማየት ያመኛል» አሉና ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። በዚያ ጉልበት እንዴት እንደሚወጡ እሳቸውና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ደላላውም ስልኩ ጮኸና ወደ መኪናው ሮጠ።

እንግዲህ ማርሉስን ብቻዋን እዚያ ቤት ውስጥ መልቀቅ ሕፃን ከረሜላ ቤት አስገብቶ መሄድ ነው። ግድግዳ ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የተሠራውን የድሮ አልጋ ስታይ መዝጊያውን ከፍታ ዘው አለችበትና እዚያው ሆና በሳቅ ፈረሰች። ምድጃውን ዳሰሰችው። መስኮቱን አቀፈችው ማለት ይቻላል። ታይስ ከኋላዋ፣ «አትንኪ ተብለናል እኮ» እያለ ይከተላታል፤ እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ልቧ ጮቤ ይረግጣል።

ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ጨለማ ነው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ትልቅ በር አለ፤ መቀርቀሪያው ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«ይሄ ቢከፈት እኮ ቤቱ በሙሉ በብርሃን ይሞላል» አለች።

«ማርሉስ፣ ተይ።»

«ትንሽ አየር ይግባ፤ ማንን ይጎዳል?» አለችና መቀርቀሪያውን ሳበችው። ወይ ፍንክች። ሁለት እጇን ጨምራ ታገለችው። ታይስ ሲከለክላት ቆየ ቆየና፣ አልከፈት ያለ መቀርቀሪያ እያየ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ወንድ የለምና፣ «ወዲያ በይ፣ እንደሱ አይደለም» ብሎ ገባበት። በሩ አቃሰተ፣ አቧራ አራገፈ፣ ተከፈተ። ፀሐይ ኮሪደሩን ጥግ ድረስ ሞላችው። ማርሉስ ደስታው ራሷ ላይ ወጣ፤ ታይስን ይዛ እዚያው ደፉ ላይ አሽከረከረችው።

ከመንገዱ ማዶ ምን እንደሆነ የሰማችው ኋላ ነው። ማዶ ላመርት አለ፤ የሩልፊን የቅርብ ጎረቤት። በአንደርሎ ሰው ሲሞት ሬሳውን ከመገነዝ፣ ሰዓቱን ከማቆምና መስተዋቱን ከመሸፈን የሞት ደወሉን እስከ መደወል ድረስ ሥራው የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ዘመድ ቁጭ ብሎ ያልቅስ ይባላል። ላመርት ጥጆቹን ሊያጠጣ ባልዲ ይዞ ሲወጣ የሩልፊን የፊት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባልዲው ከእጁ ወደቀ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሚስቱ ለያንቲን፣ «ሩልፊን አለፈች። ዛሬ ጧት እንኳ ዝናቡን ስትሳደብ ሰምቻት ነበር» አላት። ከዚያ ጥቁር ኮቱንና ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ደወሉ ገሰገሰ።

እና ማርሉስ ከኮሪደሩ ወደ ኩሽና ስትመለስ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ጥቁር የለበሰች ወፍራም ሴት፣ ሳታንኳኳ ገብታ፣ የግድግዳውን ሰዓት ታቆማለች። ቀጥላ መስተዋቱን በአንሶላ ሸፈነችው። ቀጥላ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። የማርሉስ ደም ፈላ። የከሰዓቶቹ ገዢዎች ቀድመው መጥተው፣ ይባስ ብለው መጋረጃ ማስተካከል የጀመሩ መሰላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀድመን የመጣነው እኛ ነን» አለች።

«ምንም አይደል፣ የእኔ ልጅ» አለች ያንቲን፣ ማርሉስን የሟች ዘመድ አድርጋ ቆጥራ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «እናንተ ከሩቅ ነው የመጣችሁት፤ ዕረፉ። ይሄ የእኛ ድርሻ ነው።»

«የምን ድርሻ? ገና እኮ የተወሰነ ነገር የለም።»

«ፈጣሪ ከወሰነ በኋላ ምን ይወሰናል?» ብላ ያንቲን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና ትከሻዋ ላይ አለቀሰችባት። ከዚያ ቀና ብላ በሹክሹክታ፣ «የት ነው ያስተኛችኋት?» አለቻት።

«ማንን?»

«ሩልፊንን ነዋ።»

«ወይዘሮ ሩልፊን እንቁላል ለማድረስ ሄደዋል።»

ያንቲን በአዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ሐዘን እንዲህ ያለ ነገር ያናግራል። «እሺ ልጄ፣ ሄዳለች። አንቺ ቁጭ በይ» አለቻትና ወንበር ሳበችላት።

ደወሉ ያን ጊዜ ነው የጀመረው። ዘገም እያለ፣ ረጋ ብሎ፣ በሜዳው ላይ። ደቂቃም ሳይቆይ ኩሽናው በጥቁር ልብስ ተሞላ። አንዷ ዘቢብ ዳቦ ይዛ መጣች፣ አንዱ ወንበር፣ አንዱ የወንበሩን ትራስ። ሁሉም ለማርሉስ እጁን እየሰጠ ያልፋል። እሷም የምትለው ጠፍቷት «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። ጥግ ላይ ሴቶቹ ማውራት ጀመሩ።

«ምላሷ ነበር እንጂ ልቧስ ወርቅ ነበር» አለች አንዷ።

«ልቧ ወርቅ ነው፣ እውነት ነው። መሰላሌን ግን አልመለሰችም» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ዛሬ መሰላል ይነሳል እንዴ፣ አንተ ሰው?»

«የት እንዳስቀመጠችው ከአሁን ወዲያ ማን ይነግረኛል?»

ታይስ ዳቦ የያዘችውን ሴትዮ አነጋግሮ እየተጋፋ ወደ ማርሉስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «በሩ ነው» አላት ጆሮዋ ላይ። «የፊት በር እዚህ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። ሴትየዋን የገደልናቸው እኛ ነን።»

ማርሉስ ክው አለች። ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ሜትር ያወጣው ከተባረረ፣ ለቤቱ ባለቤት በቁማቸው የሞት ደወል ያስደወለች ሴት ምን ሊደርሳት ነው? ወደ ኮሪደሩ ሮጠችና በሩን መግፋት ስትጀምር፣ ከደወሉ የተመለሰው ላመርት በመዳፉ ያዘባት።

«ሬሳ ሳይወጣ አይዘጋም» አለ።

«ሬሳ የለም እኮ፣ ጌታዬ። ይልቀቁልኝና ልዝጋው።»

«ደወሉ ተደውሏል። ሰው ሳይወጣ ከተዘጋ ቤቱ ሌላ ሟች ይጠራል።»

እዚህ ላይ ሳሉ የብስክሌት ቃጭል ተሰማ፤ ኩሽና የነበረውም ሰው ሁሉ በጓሮ ዞሮ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ወጣ። ሩልፊን ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ባዶ ቅርጫታቸው እየተንገጫገጨ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ በአጥሩ በር ገቡ። ደወሉን ሰምተው ነው የከነፉት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ላመርት ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንቺ ነሽ፣ ሩልፊን» አላቸው።

ሩልፊን ባርኔጣውን አዩት። ጥቁሩን ሰልፍ አዩት። የተከፈተውን በር አዩት። ከዚያ በሴትዮዋ እጅ ላይ ያለውን ዘቢብ ዳቦ ተመለከቱና፣ «በሕይወቴ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ ጋግረሽልኝ አታውቂም» አሏት። አንድ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሲል አፈነዳው። ያ ሁሉ ጥቁር ልብስ በሳቅ ተናጠ፤ ያንቲን በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች በሌላው ሳቀች። መሰላል ያዋሰው ሽማግሌ ብቻ ነገሩን ሳያሳልፍ፣ «እንኳን ተረፍሽ፤ መሰላሉ የት ነው?» አላቸው።

«በረት ውስጥ። አሁን ዝም በል። በሩን ማነው የከፈተው?»

ማርሉስ ወደ ፊት ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ደላላው ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

«እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ሩልፊን። ብርሃን እንዲገባ ብዬ ነው። አላወቅኩም ነበር። በጣም ስለወደድኩት ነው» አለች።

ሩልፊን ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። በጓሮ ዞረው በኩሽና በኩል ገቡና በኮሪደሩ መጥተው ከውስጥ ደፉ ላይ ቆሙ። ብርሃኑ ሽርጣቸው ላይ አረፈ። በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«በዚህ ስገባ ባሌ ሄንድሪክ ክንዴን ይዞኝ ነበር» አሉ። «እሱም በዚሁ ወጣ፤ ላመርት፣ አንተ ነህ ከፊት የተሸከምከው። እኔም ተራዬን ስጠብቅ ነበር። ኋላ ወደ አረጋውያን ቤት ግቢ አሉኝ፤ በየት በኩል ነው የምወጣው? በኩሽና በር የወጣ ሰው ማታ ተመልሶ ይመጣል። እኔ አልመለስም። ለማንም አልነገርኩም፤ በሰዉ ጫማና በሜትር አሳበብኩ።»

ማርሉስ ሆዷ ባባ፤ ለጊዜው ቤቱንም ረሳችው።

«ደወሉ እንደሁ ተደውሏል» አሉ ሩልፊን። «ዳቦው ተጋግሯል። እናንተም ታጥባችሁ መጥታችኋል፤ ይሄማ በየቀኑ አይገኝም። ላመርት፣ ባርኔጣህን አድርግና ክንድህን ስጠኝ። በእግሬ ነው የምወጣው።»

ሰዎቹ ማንም ሳያዛቸው፣ እንደለመዱት፣ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ሩልፊን ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ በላመርት ክንድ ደረጃውን ወረዱ። መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ልማድ ነዋ። ኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ መንደሩ በሙሉ ያጨበጭብ ነበር፤ ሩልፊንም እንደ ሙሽራ ወዲያና ወዲህ እጅ ይነሳሉ።

አጥሩ ጋ ዞር አሉ። «አሁን ዝጊው» አሏት ማርሉስን።

ማርሉስ ዘጋችው። ታይስ መቀርቀሪያውን መለሰው። ኮሪደሩ ጨለመና ሁለቱ ቆመው ቀሩ። ዝጊው ማለት ውጡልኝ ማለት ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አልገባቸውም። ኩሽናውም ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ውጭ ነው። ገብተው በቆመው ሰዓት አጠገብ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

የኩሽናው በር ተንኳኳ።

ገርበብ ያለ ነበር። በክፍተቱ ሩልፊን ይታያሉ፤ ከኋላቸው ላመርትና ያንቲን፣ ከእነሱ ኋላ መንደሩ። ደፉን አላለፉም። እጃቸውን አጣጥፈው፣ የራሳቸውን ኩሽና አይተው እንደማያውቁ ሰው፣ ይጠብቃሉ። ማርሉስ ወደ ታይስ ዞረች። ታይስ፣ ለሁሉ ነገር ወር የሚያስበው ታይስ፣ ወዲያው በክርኑ ነካት።

«ይግቡ» አለች ማርሉስ።

ሩልፊን ጫማቸውን አጥብቀው ጠረጉና ገቡ። ምድጃው አጠገብ ያለውን የራሳቸውን ወንበር አልፈው መስኮቱ ሥር ካለው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በዚህ ቤት ቡና የለም እንዴ?» አሉ። «ሐዘን ላይ ነው የዋልኩት።»

«አለ፣ አሁን አፈላለሁ» አለች ማርሉስ እንባዋንና ሳቋን አንድ ላይ እየዋጠች። አንዱን ቁም ሣጥን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ሌላውን ከፈተች። «ስኒዎቹ የት ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ ሩልፊን። «እንግዳ ነኝ። ቤትሽ ነው፤ ፈልጊያ።»